ህመሙ የስፖርተኛው፣ ውሳኔውስ የማን?

ለኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሙያ ስፖርት ውስጥ የህመም ማስታገሻ አወሳሰድ ሥርዓት እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

ከላይ የተጠቀሱት ተቋማት ስለተከለከሉ አበረታች ቅመሞች ያስተምራሉ፣ ሕጉ ሲጣስም ርምጃ ይወስዳሉ። ይህ ደብዳቤ የሚያነሣው ግን በአብዛኛው ስላልተከለከሉት ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ስለሚገኙት፣ ተጫዋቹ ከጨዋታ በፊት በውኃ ስለሚያወራርዳቸው፣ ሯጩ ለውድድር ሲነሣ በሻንጣው ስለሚይዛቸው ማስታገሻዎች ነው። ዳይክሎፌናክን፣ አይቡፕሮፌንን፣ ፓራሲታሞልን የማያውቅ የለም። በመርፌ የሚሰጡት ማደንዘዣና ኮርቲዞንም ለስፖርት ሰው እንግዳ አይደሉም። ትራማዶል ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከነዚሁ ጋር ሲቆጠር ኖሮ በመጨረሻ ከተከለከሉት ተርታ ገብቷል።

ጥያቄው አንድ ነው። ስፖርተኛ ሲጎዳ፣ ያንን ህመም ዝም አሰኝቶ ወደ ሜዳ እንዲገባ የሚወስነው ማን ነው? ከውሳኔው የሚያተርፈውስ? ወሳኙና አትራፊው አንድ ወገን ሆኖ ከዓመታት በኋላ በኩላሊቱ ወይም በጉልበቱ የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ነገሩ ከሕክምና አልፎ የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዴንማርኩ ተከላካይ ዳንኤል አጌር በሊቨርፑል ማልያ ዓመታት ተጫውቶ ወደ ልጅነት ክለቡ ብሮንድቢ የተመለሰ ሰው ነው። በመጋቢት 2015 ቡድኑ ከቀንደኛ ተቀናቃኙ ከኮፐንሃገን ጋር ተጋጠመ። አጌር ሰውነቱ አልታዘዝ ስላለው ከጨዋታው በፊት በነበሩት ቀናት ከተፈቀደው መጠን በላይ ፀረ-ብግነት ማስታገሻ ሲወስድ ሰንብቶ ነበር። እንቅልፍ እየጣለው፣ ጭንቅላቱ እየደነዘዘ ሜዳ ገባ። በ29ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በ31 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ፤ በ2017 ደግሞ ለአንድ የአገሩ ጋዜጣ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። የወሰደው ነገር በሙሉ ሕጋዊ ነበር። ያን ቀን ናሙና ቢሰጥ ኖሮ በፀረ-ብግነት ማስታገሻው የተነሣ አንዳች ቅጣት አያገኘውም ነበር።

የአጌር ታሪክ የአንድ ሰው ድክመት ተደርጎ እንዳይታይ የፊፋ የሕክምና ባለሙያዎች ያደረጉት ጥናት አለ። በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ የተመዘገቡት ተጫዋቾች 736 ነበሩ። የየቡድኑ ሐኪሞች ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ለተጫዋቾቻቸው የሰጡትን መድኃኒት ዘርዝረው አስረክበዋል። ሲደመር ከተጫዋቾቹ 60 በመቶ ያህሉ በውድድሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ማስታገሻ ወስደዋል። ከሦስት ተጫዋቾች ከአንድ የሚበልጡት ደግሞ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ወስደዋል። በወቅቱ የፊፋ ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ዪሪ ድቮራክ ይህን አደገኛ ልማድ ብለው በአደባባይ አስጠንቅቀዋል። ቁጥሩ ሐኪሞች ራሳቸው የሰጡትን ብቻ የሚያሳይ ነው፤ ተጫዋቹ በራሱ ገዝቶ የዋጠው አልተቆጠረም።

ወደ ኩላሊት ጉዳይ ሲመጣ ከክሮኤሽያዊው አጥቂ ከኢቫን ክላስኒች ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር አይገኝም። ክላስኒች በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን በ2004 የሊጉንም የጥሎ ማለፉንም ዋንጫ ያነሣው ቡድን አባል ነበር። በዚያው ክለብ ሳለ ኩላሊቶቹ ከዱት። በ2007 መጀመሪያ እናቱ ኩላሊታቸውን ሰጡት፤ ሰውነቱ አልቀበል አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባቱ ሰጡት፤ ይኸኛው ያዘ። በሰኔ 2008 በአውሮፓ ዋንጫ በተተከለ ኩላሊት ለክሮኤሽያ ተሰልፎ ፖላንድ ላይ ጎል አስቆጠረ። ዓለም አጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲያልቅ ግን የአባቱ ኩላሊትም በተራው ደከመ፤ በ2017 ሌላ ንቅለ ተከላ አስፈለገው።

ክላስኒች ሐኪሞቹን ፍርድ ቤት አቆማቸው። አቤቱታው ሁለት ነገር ይላል፤ በደም ምርመራው ላይ የኩላሊት ችግር ምልክት እየታየ በጊዜው አልተነገረኝም፣ ይባስ ብሎም ኩላሊት የሚጎዳ ማስታገሻ ይሰጠኝ ነበር የሚል ነው። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቶ በ2020 በስምምነት ተቋጨ፤ 4 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ካሳ እንዲከፈለው ሆነ። ገንዘቡ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የእናትና የአባት ኩላሊት በገንዘብ አይተካም። ለዚህ ደብዳቤ ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ የደም ምርመራው ውጤት በክለቡ ሐኪም እጅ ነበር፣ ተጫዋቹ እጅ ግን አልነበረም።

መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ህመምን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ህመምና እብጠት ያመጣሉ፤ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁትም፣ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ የሚያደርጉትም እነሱው ናቸው። ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ጤነኛ ሰው አንድ ሁለት ፍሬ ብዙ ጊዜ ጉዳት አያመጣም። ሁለት ሰዓት በላብ ተጠምቆ የሚሮጥ ሰው ግን ደሙ ወደ ጡንቻው ሄዷል፣ ውኃው ቀንሷል፣ ኩላሊቱም በነዚያ ንጥረ ነገሮች ላይ ተደግፎ ቆሟል። ክኒኑ የሚነጥቀው ይህንኑ ድጋፍ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። በጀርመን ቦን ከተማ በተካሄደ የማራቶንና የግማሽ ማራቶን ውድድር ወደ 4,000 የሚጠጉ ሯጮች ለተመራማሪዎች መጠይቅ መልስ ሰጥተው ነበር። ግማሽ ያህሉ ከመነሻው መስመር በፊት ማስታገሻ ውጠዋል። በወሰዱት ላይ የሆድ፣ የልብና የኩላሊት ችግር ካልወሰዱት አምስት እጥፍ ያህል ታይቷል። ሆስፒታል የገቡት ዘጠኙም ከወሰዱት ወገን ነበሩ፤ ከነሱ ሦስቱ አይቡፕሮፌን ወስደው ለጊዜው ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ናቸው። ውጤቱ የታተመው በ2013 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ከማራቶን በሚረዝሙ ውድድሮች ላይ ሌላ ጥናት ወጣ። ለግማሾቹ ሯጮች አይቡፕሮፌን፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለው ክኒን ተሰጠ። የኩላሊት ጉዳት ምልክት ባዶውን ክኒን ከወሰዱት በ34 በመቶ፣ አይቡፕሮፌን ከወሰዱት ግን በ52 በመቶ ላይ ታየ።

የረጅም ርቀት ሩጫ መታወቂያዋ ለሆነች አገር እነዚህ ቁጥሮች ከማንም በላይ ቅርብ ናቸው። በሱሉልታና በሰንዳፋ ጎህ ሳይቀድ የሚነሡት ልጆች በላብ፣ በውኃ ጥምና በጉዳት መካከል የሚኖሩ ናቸው። የሚገዙት መድኃኒት ማሸጊያ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አንዱ መድኃኒት በተለያየ የንግድ ስም ይሸጣል። ሁለት ዓይነት ፀረ-ብግነት ክኒን አንድ ላይ መውሰድ አደጋውን እንደሚያብስ ያልተነገረው ወጣት፣ አንዱን ለጉልበቱ ሌላውን ለወገቡ ብሎ ቢውጥ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ማለትም ዋዳ፣ አንድን ነገር በክልከላ ዝርዝሩ ለማስገባት ሦስት መለኪያ አለው፤ ብቃት ይጨምራል ወይ፣ ጤና ይጎዳል ወይ፣ ከስፖርት መንፈስ ጋር ይጋጫል ወይ የሚሉ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱን ካሟላ ሊከለከል ይችላል። ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶንና ፌንታኒል በውድድር ወቅት ከተከለከሉ ቆይተዋል። ትራማዶል ግን ከ2012 ጀምሮ በክትትል ብቻ ሲታለፍ ኖረ። ቀድሞ የነቃው ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ነው፤ መድኃኒቱ እንደሚያዞር፣ ሱስ እንደሚያስይዝና ተጠጋግተው በሚጋልቡ ብስክሌተኞች መካከል አደጋ እንደሚያመጣ ቆጥሮ ከመጋቢት 2019 ጀምሮ በራሱ ውድድሮች ከለከለው። በ2022 ቱር ደ ፍራንስ ስድስተኛ የወጣው ኮሎምቢያዊ ናይሮ ኪንታና በሐምሌ 8 እና 13 በሰጠው የደም ጠብታ ትራማዶል ተገኘ ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። አልወሰድኩም ብሎ ተከራከረ፤ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ይግባኙን አልተቀበለውም።

በእንግሊዝ የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዋዳ ድጋፍ ባደረጉት ሙከራ፣ ትራማዶል የወሰዱ ብስክሌተኞች 25 ማይል የሚሆነውን መንገድ 1.3 በመቶ ያህል በፈጠነ ጊዜ ጨረሱ። በማራቶን ቢታሰብ ይህ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ነው፤ አንደኛውን ከአሥረኛው ሊለይ የሚችል ጊዜ። ዋዳ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሁሉም ስፖርት ትራማዶልን በውድድር ወቅት ከልክሏል። የውድድር ወቅት የሚባለው ደግሞ ከዋዜማው እኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል። ስፖርተኛ በሰውነቱ ለተገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ ለወገብ ህመም በሐኪም የታዘዘለትን ክኒን የዋጠ ልጅም ልዩ ፈቃድ ካልያዘ ወይም ጊዜውን ካላሰላ ሊቀጣ ይችላል።

ከተከለከለውና ካልተከለከለው መካከል ያለው መስመር ቀጭን መሆኑንም ማስተዋል ያስፈልጋል። ተራው ፓራሲታሞል እንኳ በ2010 በታተመ ትንሽ ሙከራ የብስክሌተኞችን የ10 ማይል ሰዓት በግማሽ ደቂቃ ያህል አሳጥሯል። ስለዚህ «ካልተከለከለ ችግር የለውም» የሚለው አነጋገር በቂ መልስ አይሆንም።

መርፌው ከክኒኑ የከበደ ነው። ኮርቲዞንና ዘመዶቹ እብጠትን ፈጥነው ያበርዳሉ፤ በተደጋጋሚ ሲወጉ ግን ጅማትን ያሳሳሉ። ከጥር 2022 ጀምሮ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች በመርፌ ሲሰጡ፣ በየትኛውም የሰውነት ክፍል ቢሆን፣ በውድድር ወቅት ተከልክለዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ዋጋውን ከፍላለች። የአትሌቲክስ ኢንተግሪቲ ዩኒት በጥቅምት 2022 እንዳስታወቀው፣ ከ2021 ወዲህ ትሪያምሲኖሎን የተባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት የተገኘባቸው ኬንያውያን አትሌቶች አሥር ነበሩ፤ ከቀረው ዓለም የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከአሥሩ አንዷ የ2021 የቦስተን ማራቶን አሸናፊ ዲያና ኪፕዮኬይ ነበረች፤ ድሏ ተሰረዘ፣ ለስድስት ዓመትም ታገደች። የኬንያ ልምምድ ሜዳዎች ከእኛዎቹ ብዙም የተለዩ አይደሉም፤ እዚያ የደረሰው እዚህ እስኪደርስ መጠበቅ አያሻም።

ነርቭን የሚያደነዝዙ መርፌዎች ግን ዛሬም በክልከላው ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሰኔ 5 ቀን 2022 ራፋኤል ናዳል በፓሪስ ካስፐር ሩድን አሸንፎ 14ኛውን የሮላንድ ጋሮስ ዋንጫ ሲያነሣ፣ ሥር በሰደደ የአጥንት ሕመም የተያዘው የግራ እግሩ ደንዝዞ ነበር። በእግሩ ላይ ምንም ስሜት እንዳልነበረውና ውድድሩን በነርቭ መርፌ እንደተጫወተ ዋንጫውን ካነሣ በኋላ ራሱ ተናገረ፤ በዚህ ሁኔታ መቀጠል እንደማይፈልግም አከለ። ናዳል ያን ጊዜ 36 ዓመት ሞልቶታል። የግል ሐኪሙ አብሮት ነው። ገንዘብ አልቸገረውም፣ አሠሪ የለበትም፣ ነገ ቢያቆም ቤተሰቡ አይራብም። የመረጠው አውቆና ነፃ ሆኖ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ያንኑ መርፌ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ እንስጠው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ የመጀመሪያ ኮንትራቱን የፈረመ ልጅ ነው። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ጨዋታው ሊጀመር አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ አሠልጣኙ ቆሟል፣ የቡድኑ መሪ ቆሟል፣ ጓደኞቹ ማልያ ለብሰው ይጠብቃሉ። «እንዴት ነህ? ትችላለህ?» ይሉታል። እምቢ ቢል ቦታውን የሚይዝ ሌላ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በወር መጨረሻ ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብም አለው። «እችላለሁ» ይላል። ፈቃዱን ሰጠ ይባላል። ጽሑፍ የለም፣ መዝገብ የለም፣ መርፌው ምን እንደሆነም አልተነገረውም። ናዳል የሰጠው ፈቃድና ይህ ልጅ የሰጠው ፈቃድ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

ለዚህ ልጅ የማይደረገው ጥንቃቄ ለፈረስ ይደረጋል። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የፈረስን እግር አደንዝዞ ማወዳደር ክልክል ነው። የእንስሳት ሐኪሞች የፈረሱን እግር ዳስሰው የስሜት ለውጥ ካገኙበት ከውድድር ያስወጡታል። በፈረሶች ዘንድ የታወቀው ፌኒልቡታዞን የሚባለው ፀረ-ብግነት ማስታገሻም በውድድር ወቅት አይፈቀድም። የዚህ ጥበቃ ምክንያት ቀላል ነው፤ ፈረሱ መናገር አይችልምና በሱ ፋንታ የሚወስን፣ ከባለቤቱም ከጋላቢውም ጥቅም የተለየ ሰው ያስፈልገዋል። ሰው መናገር ይችላል ተብሎ ጥበቃው ተነፈገው። አፉን ከፍቶ እምቢ ቢል ኑሮው የሚናጋበት ሰው ግን የመናገር ችሎታው ብቻውን አይጠብቀውም።

ሐኪሙ ደመወዙን ከክለቡ ሲያገኝ ምን እንደሚመጣ አሜሪካ ለዓመታት አሳይታለች። በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት ተሰልፈው ቶራዶል የተባለ ኃይለኛ ፀረ-ብግነት መርፌ ይወጉ ነበር። በ2012 የሊጉ ሐኪሞች ያቋቋሙት ቡድን ገና ላልመጣ ህመም መከላከያ ተብሎ መሰጠቱ እንዲቀር መከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሪቻርድ ዴንትን ጨምሮ ጡረታ የወጡ ተጫዋቾች፣ ማስታገሻው ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ይታደለን ነበር ብለው ሊጉን ከሰሱ። ቀድሞ በ2011 የወጣ ጥናት 644 ጡረተኛ ተጫዋቾችን ጠይቆ ነበር፤ 52 በመቶ ያህሉ በተጫዋችነት ዘመናቸው ኦፒዮይድ የተባለውን ከባድ ማስታገሻ ተጠቅመዋል፣ ከነዚህም 71 በመቶው ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ ጭምር ወስደዋል።

በበረዶ ላይ ሆኪ ዴሬክ ቡጋርድ በግንቦት 2011 በ28 ዓመቱ ሞተ፤ ኦክሲኮዶንና አልኮል ተቀላቅለው ገደሉት። የቤዝቦሉ ታይለር ስካግስ በሐምሌ 2019 በ27 ዓመቱ በቴክሳስ ሆቴል ክፍሉ ሞቶ ተገኘ፤ በሰውነቱ ፌንታኒል፣ ኦክሲኮዶንና አልኮል ነበረ። ክኒኑን ያቀበለው የራሱ ክለብ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ መሆኑ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሁለቱም ወጣቶች ብዙ ሚሊዮን ዶላር በሚንቀሳቀስበት፣ ሐኪም በማይጠፋበት ሊግ ውስጥ ነበሩ። ሀብትና ባለሙያ መኖሩ ብቻውን አላዳናቸውም፤ ስለ ጤናቸው ብቻ የሚቆም ሰው አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ህመምን ማስታገስ የሰው መብት ነው። የወር አበባ ህመም ያለባት ሯጭ ፓራሲታሞል ወስዳ ብትሮጥ ማንን ትጎዳለች? ጥርሱን ያመመው ግብ ጠባቂስ? የእጅ ጣቱ የተሰበረ ሯጭ ለምን ይሰቃያል? ትክክል ነው። ይህ ደብዳቤ ስፖርተኛ ህመምን እየቻለ እንዲኖር አይጠይቅም፤ ሁሉም ማስታገሻ ይከልከል የሚል ጥያቄም የለበትም። ሁለት ዓይነት ህመም መኖሩን ግን መለየት ይገባል። አንደኛው ታግሠውት ወይም አስታግሰውት የሚያልፍ፣ በመሮጥ ብዛት የማይባባስ ነው። ሁለተኛው የተሰነጠቀ አጥንት፣ የሳሳ ጅማት፣ ያበጠ ጉልበት «አቁም» የሚልበት ነው። የመጀመሪያውን ማከም ርኅራኄ ነው። ሁለተኛውን ዝም አሰኝቶ ሰውን ወደ ሜዳ መላክ ጉዳትን ማባባስ ነው። ሁለቱን መለየት የሚችለው ከውጤቱ የማይጠቀም ሐኪም ነው።

የእኛ የስፖርት ታሪክ ማቆምን የሚያሳፍር ነገር አድርጎ አያውቅም። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ሦስተኛ ተከታታይ የማራቶን ወርቁን ፍለጋ ተሰልፎ፣ የእግር ጉዳት ስለበረታበት ግማሽ መንገድ ሳይሞላ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጠለ፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድም ለአገሩ ወርቁን አስገኘ። አበበ በማቆሙ ክብሩ አልጎደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴም በኅዳር 2010 በኒውዮርክ ማራቶን ሲሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር፤ ጉልበቱ አብጦ ስላስቸገረው ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ አቋረጠ። በእንባ ሩጫ ማቆሙን አስታወቀ፣ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለወጠና ተመልሶ ሮጠ። ሁለቱም ግን ስም ያላቸው፣ «ለምን አቆምክ» ብሎ የሚያባርራቸው የሌለ ጀግኖች ነበሩ። ስም ያላወጣው ወጣት ይህ ዕድል የለውም። የማራቶን ሯጭ በዓመት በአብዛኛው ሁለት ትልልቅ ውድድር ብታደርግ ነው። በቦስተን አንደኛ የምትወጣ 150,000 ዶላር ታገኛለች፤ ያቋረጠች ከሽልማቱ አንድ ሳንቲም አታገኝም። የዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት ሲመዘን እጅ ወደ ክኒኑ ቢሄድ አይገርምም። እጁን የሚመልሰው ምክር ብቻ አይደለም፤ እምቢ ያለውን የማያስርብ ሥርዓት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሦስቱ ተቋማት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ በአክብሮት ይጠየቃሉ።

አንደኛ፣ በውድድር ዕለት ህመም ለማደንዘዝ የሚሰጥ ማንኛውም መርፌ ደመወዙን ከክለቡ ወይም ከማናጀሩ በማያገኝ ሐኪም ካልተፈቀደ እንዳይሰጥ ፌዴሬሽኖቹ በደንባቸው ይደንግጉ። ሐኪሙ «አይጫወትም» ካለ አሠልጣኝም ሆነ የቡድን መሪ ሊሽረው አይገባም። በየጨዋታው ለዚህ የሚመደብ ሐኪም ለማግኘት አቅም ካነሰ፣ በሊጉ በኩል በጋራ የሚቀጠሩ ጥቂት ሐኪሞች ሥራውን ሊጀምሩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ስፖርተኛ የመድኃኒት መዝገብ ይኑረው። የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ምክንያትና የሰጠው ሰው ፊርማ ይስፈርበት። አንዱ ቅጂ በስፖርተኛው እጅ ይሁን፤ ክለብ ሲቀይር አብሮት ይሂድ። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የኩላሊት ምርመራ ይደረግለት፤ ውጤቱም በሚገባው ቋንቋ ለራሱ ይነገረው። የክላስኒች ታሪክ እዚህ እንዳይደገም ይህ ብቻ እንኳ ብዙ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ተጫዋቾችና ሯጮች ጉዳት ደብቆ ለማሰለፍ ተብሎ የሚሰጥ ማስታገሻና መርፌ ሙሉ በሙሉ ይከልከል። ልጅ የሚድንበት ጊዜ አለው፤ የሚያልፈው ውድድር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

አራተኛ፣ በክለብ ኮንትራት ውስጥ የሚገባ አንድ አንቀጽ ይዘጋጅ፤ በሐኪም የተረጋገጠ ጉዳት ይዞ አልሰለፍም ያለ ስፖርተኛ ደመወዙ እንዳይቆረጥ፣ ኮንትራቱም በዚህ ምክንያት እንዳይፈርስ የሚል። ማናጀሮች ከአትሌቶች ጋር የሚፈራረሙት ውልም ይህንኑ ሐሳብ እንዲይዝ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ያስገድድ።

አምስተኛ፣ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣኑ ስለ ትራማዶል፣ ስለ ኮርቲዞን መርፌና ስለ ፀረ-ብግነት ማስታገሻዎች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ስፖርተኞች በሚናገሯቸው ቋንቋዎች ኪስ ውስጥ የሚገባ ካርድ ያሳትም። ካርዱ የትኛው እንደተከለከለ፣ የትኛው እንደሚፈቀድ፣ የትኞቹ አንድ ላይ እንደማይወሰዱ፣ ውኃ ባጠረ ሰውነት ላይ ምን እንደሚያመጡ፣ ለሕክምና የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ ይግለጽ። በልምምድ ሥፍራዎች አካባቢ ላሉ መድኃኒት ቤቶች ባለሙያዎችና ለየክለቡ ወጌሻዎችም ሥልጠና ይሰጥ። ዋዳ በየዓመቱ የክልከላ ዝርዝሩን ረቂቅ ለአባላቱ ሲልክ፣ ባለሥልጣኑ ፀረ-ብግነት ማስታገሻዎችና ማደንዘዣ መርፌዎች በስፋት እንዲጠኑ የሚል አስተያየት በጽሑፍ ያቅርብ። የረጅም ርቀት ሩጫን ለዓለም ያስተማረች አገር ስለ ሯጮቿ ኩላሊት የምትለው ሊኖራት ይገባል።

ከአምስቱ መካከል የመድኃኒት መዝገቡና ካርዱ ብዙ ገንዘብም አዲስ አዋጅም አይጠይቁም። ከሚቀጥለው የውድድር ዘመን በፊት ሊጀመሩ ይችላሉ። ኮንትራቱና ነፃ ሐኪሙ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ለነሱ ግን ፌዴሬሽኖቹ፣ ባለሥልጣኑ፣ የክለቦች ተወካዮች፣ ሐኪሞችና ከሁሉ በፊት ስፖርተኞቹ ራሳቸው የሚቀመጡበት የጋራ ኮሚቴ በዚህ ዓመት እንዲቋቋም፣ የሥራ መርሐ ግብሩም ለሕዝብ እንዲገለጽ ይጠየቃል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን